ባለ ከፍተኛ ውጤቱ ቀረ፣ እሷ ገባች፦ የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ጉዳይ

በ2016 ዓ.ም. ከትምህርት ቤታችን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሁለቱም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች፣ ሁለቱም የገበሬ ልጆች፣ ሁለቱም «ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ካልገባሁ» የሚሉ። በውጤት እሱ ይበልጣታል። ዛሬ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ግን እሷ ነች። እሱ የመግቢያ ፈተናው ላይ እንኳ አልተቀመጠም።

ጎበዝ ልጅ የትም ቢማር ራሱን ያወጣል የሚል ሰው ሞልቷል። እኔ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ክርክር ከምገጥም፣ የሁለቱን ልጆች ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፈውና አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ትምህርት ቤቱ ጉራጌ ዞን ውስጥ ነው፣ ደጋ ላይ። ከወረዳው ከተማ በበጋ በሞተር ይደረሳል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ሞተሩንም ባለሞተሩንም ስለሚያስቀር ያለው አማራጭ እግር ነው። ስሙን አልጠራም፣ የልጆቹንም ማንነት የሚያጋልጥ ነገር አልጽፍም። እኔ እዚያ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አለን። 11ኛና 12ኛ የተጨመረው ግን ከጊዜ በኋላ ነው። ድሮ ልጆቹ 10ኛን ሲጨርሱ ወይ ወረዳው ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ፣ ወይ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሄደው ሱቅ ይገባሉ። ሁለተኛው ይበዛል።

ቤተ ሙከራ አላችሁ ወይ ብትሉኝ፣ በሩ ላይ ተጽፏል። ውስጡ የተሰበረ ቢከር፣ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካልና ቁልፉን የያዘው ሰው ከተዛወረ ወዲህ ተከፍቶ የማያውቅ ቁም ሳጥን ነው ያለው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም፤ ልጆቹ የሚያነቡት በቴሌግራም የመጣውን ፒዲኤፍ ነው፣ እሱንም ስልክ ያለው ልጅ ዙሪያ ተኮልኩለው። የሒሳብ መምህር አንድ ነው፤ አራቱንም የክፍል ደረጃ ያዳርሳል።

የገጠር ጎበዝ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቦታ አይቀርም፤ ይሄንንም መናገር አለብኝ። በየአካባቢው ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ሚኒስትሪ ላይ ጥሩ ያመጡትን ፈትነው ይወስዳሉ። ልጅቷ የ8ኛ ክፍል ውጤቷ ለዚያ ይበቃት ነበር። ግን ማመልከት የሚባል ነገር መኖሩን የነገራት ሰው አልነበረም። እሷ የሰማችው 10ኛ ክፍል ከደረሰች በኋላ ነው፣ የጎረቤት መንደር ልጅ ለእረፍት ዩኒፎርም ለብሶ ሲመጣ አይታ ጠይቃ።

መስከረም 2016

የ2015 ፈተና ውጤት የተነገረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነበር። በአገር ደረጃ ከተፈተኑት 845,188 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ናቸው፣ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ከነሱ አንዱ እኛ ነን።

ይሄ ዜና አዲሶቹ 12ኛ ክፍሎች ላይ ያደረገውን ልነግራችሁ አልችልም። ክፍሉ ተመናመነ። የመጡትም አካላቸው ነው የመጣው። አንዱ ቀልደኛ ልጅ ሰሌዳው ላይ ቀመር እየጻፍኩ «ቲቸር፣ ይሄን ተውትና ስለ ሱቅ አስተምሩን፣ እሱ ነው የሚጠቅመን» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ግን የቀለደው ግማሹን ነው። በቀደመው ዓመት ከሱ የሚሻሉ ልጆች ወድቀው አይቷል፣ አጎቱ መርካቶ ሱቅ አለው፣ ሒሳቡ ቀላል ነው።

ከክፍሉ ሁለቱ ግን ጥያቄ መጠየቅ አላቆሙም። ልጁ ፈጣን ነው፤ እኔ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ከኋላ ይጠራዋል። ልጅቷ ቀስ ትላለች፣ ግን አትለቅም። አንድ ነገር ካልገባት እረፍት ሰዓት ቢሮ ድረስ ትከተልሃለች፤ «ገባሽ?» ስትላት «አይ» ማለት የማታፍር ተማሪ በሕይወቴ ብዙ አላየሁም።

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችን ሰብስበን ሰዓት ይዘን መፈተን ነበር። ውጤቱ መጥፎ ነበር፣ ግን የተበላሸው እኔ የገመትኩት ቦታ ላይ አልነበረም። የ12ኛ ክፍል ትምህርት ላይ ደህና ናቸው። የሚወድቁት 9ኛና 10ኛ ላይ ነው፤ ኮሮና የቆራረጠው፣ መምህር ሳይኖር ያለፈው፣ «በኋላ እንመለስበታለን» ተብሎ የቀረው ሁሉ እዚያ ተከማችቷል። አፕቲቲዩድ የሚባለውን የማመዛዘን ችሎታ ፈተና ደግሞ ማንም አስተምሯቸው አያውቅም፤ ትምህርት አይደለምና ክፍለ ጊዜ የለውም። እንግሊዝኛውም አለ። ልጅቷ የእንቅስቃሴን ቀመር በቃሏ ታውቃለች፣ ጥያቄው ላይ ዕቃው ቆሞ እንደተነሳ፣ ማለትም የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ እንደሆነ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎላታል፣ እሷ ግን የመነሻ ፍጥነቱን ፍለጋ ግማሽ ገጽ ሞልታ ትመጣለች። ስለዚህ ደብተር ገዛን፤ ፈተና ላይ እየተደጋገሙ የሚመጡትን እንዲህ ዓይነት አባባሎች ብቻ የምትጽፍበት። ከማናቸውም አጋዥ መጽሐፍ የበለጠ የጠቀማት ያ ደብተር ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ካሊፐሩ

ፊዚክስ ከመለኪያ ይጀምራል፤ የቬርኒየር ካሊፐር (የትናንሽ ነገሮችን ውፍረት እስከ ሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ) ንባብ ደግሞ ፈተና ላይ ሲመጣ ነጻ ነጥብ ነው። የእኛ ልጆች ግን ካሊፐርን የሚያውቁት እኔ በጠመኔ ከምስለው ሥዕል ነው። ሥዕሌ ደግሞ... ይቅር። ዋናው ሚዛንና ተንቀሳቃሹ ሚዛን ሰሌዳ ላይ አይንቀሳቀሱም፤ የነገሩ ቁም ነገር ያለው ደግሞ መንቀሳቀሱ ላይ ነው።

ወረዳው ከተማ ብረታ ብረት ቤት ያለው አንድ ሰው አለ፣ በርና መስኮት የሚሠራ። ካሊፐር እንዳለው አውቅ ነበርና ቅዳሜ ሁለቱን ልጆች ይዣቸው ሄድኩ። ሰውየው ካሊፐሩን ከዘይታም ጨርቅ ውስጥ አወጣና አንድ ቡሎን አቀበላት። «ለኪው፣ 12 ነው» አላት። ለካች። አገላብጣ አየች። ወደ ብርሃኑ ወጣችና እንደገና ለካች። «11 ከ8 ነው» አለች። ሰውየው ሳቀ። «እኔ ይሄን ስሸጥ ስንት ዓመቴ ነው፣ 12 ቁጥር ነው የሚባለው!» «ይባል ይሆናል ጋሼ፣ ግን 11 ከ8 ነው።» ዋናው ሚዛን 11 ሚሊሜትርን አልፏል፣ ከተንቀሳቃሹ ደግሞ ስምንተኛዋ መስመር (ስምንት አሥረኛ) ናት ልክ የገጠመችው። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ተቀብሏት አየ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ሌላ ቡሎን አመጣ። እሱም 12 አልሞላም። ቡሎን በስሙ ከሚጠራበት ቁጥር ትንሽ አንሶ መሠራቱን ሰውየው እጁ ያውቀዋል፤ ከዳዶው ጋር ሳይጣበቅ እንዲገባ ነው። በቁጥር ሲነገር ግን ሰምቶ አያውቅም ነበር። በመጨረሻ ካሊፐሩን ለአንድ ሳምንት አዋሰን።

ያን ሳምንት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያልተለካ ነገር አልቀረም። ጠመኔ፣ የበር ማጠፊያ፣ ሳንቲም፣ የልጆች ጣት። በርካሽ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ ቤተ ሙከራ እስኪሟላ ብለን ስንት ዓመት ጠበቅን።

ቤት ውስጥ

የልጁ ቤት ብዙም ችግር አልነበረውም፤ ከከብት ሲመለስ ጊዜው የራሱ ነው። የልጅቷ ግን ሌላ ነው። ጉራጌ አገር የእንሰት ሥራ የሴት ነው፤ መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ጉድጓድ ማስገባቱ። ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ እራት። ደብተር የምትከፍተው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው፣ መብራት ደግሞ ካለ።

አባቷን ላነጋግር ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ፣ የአገሩ ወሬ ሁሉ አልቆ፣ ወደ ነገሬ ስገባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ትለፍ እንበል። ካለፈች በኋላ በምን አስተምራታለሁ?» እኔ ስለ ጉብዝናዋ ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር፣ እሳቸው ጉብዝናዋን አልተጠራጠሩም፤ ያስፈራቸው ወጪው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግቡም ማደሪያውም በወጪ መጋራት እንደሆነ፣ ተማሪው ውል ፈርሞ የሚከፍለው ከተመረቀ በኋላ እንደሆነ፣ ይሄም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አሠራር መሆኑን ሳስረዳቸው ተገረሙ። ሃያ ዓመት የሆነው ነገር ነው፤ እዚያ ቤት ግን አልገባም ነበር። መርካቶ ያለው አጎቷም በስልክ ገባበት። «እስከ ፈተናው ድረስ እንሰቱን እናንተ ቻሉት፣ የሶላር መብራቱን እኔ እልካለሁ» አለ። ላከም።

እናቷ ምንም አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፍቀቱን ከታላቅ እህቷ ጋር እሳቸው ያዙት።

ፈተናው

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ ተማሪው ብርድ ልብሱን ይዞ፣ ያለ ስልክ፣ ተፈትሾ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ላይ የእኛዎቹ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተፈተኑ። ጳጉሜን ላይ ውጤቱ መጣ፤ በአገር ደረጃ 674,823 ተፈትነው 36,409፣ 5.4 በመቶ አለፉ። ከእኛ ሁለት። ያን ዕለት መንደሩ ውስጥ የነበረውን ደስታ አልዘረዝረውም።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። አዲስ አበባና አዳማ ያሉት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ማለፊያ ነጥብ ያመጣውን ሁሉ አይወስዱም፤ በጋራ የሚያዘጋጁት ሌላ የመግቢያ ፈተና አላቸው። ለሱ ደግሞ ራስህ በኢንተርኔት ትመዘገባለህ፣ ቀኑም አጭር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ እንደዚሁ የራሱ ፈተና አለው። የከተማ ልጅ ይሄን ከክፍል ጓደኛው፣ ከአስጠኚው፣ ከታላቅ ወንድሙ ይሰማዋል። የገጠሩ ልጅ የሚያውቀው ሚኒስቴሩ እንደሚመድብ ነው።

ልጁ ፈተናውን እንደጨረሰ አዲስ አበባ ሄዶ ዘመዱ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ነበር። ክረምቱን ሠርቶ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን ጫማና ሻንጣ ሊገዛ። ትምህርት ቤት ያስመዘገበው ስልክ የታላቅ ወንድሙ ነው፣ ወንድሙ ደግሞ ሲም ቀይሯል። ደወልን፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ...» ትላለች። መልእክት በሰው ላክን፤ ሰውየው ያደረሰው «ቲቸር ይፈልጉሃል» የሚለውን ብቻ ነው፣ ልጁም እንኳን ደስ አለህ ሊሉኝ ነው ብሎ አሰበ። ለመስቀል እንኳ አልመጣም፤ ባለሱቆቹ ሁሉ አገር ቤት ሲገቡ ሱቁን የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋ እሱ ቀረ። በኋላ ትራንስክሪፕት ሊወስድ መጥቶ ሳገኘው «ፈተናው እንዴት ነበር?» አልኩት። «የቱ ፈተና?» አለኝ።

ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመድቧል። እየተማረ ነው፣ ደህና ነው። ግን መግባት የሚፈልገው እዚያ አልነበረም። ጉብዝናው ደግሞ አልጎደለውም።

የልጅቷ ምዝገባ

እሷ ቤት ነበረች፣ ልዩነቱ ይሄው ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ምዝገባው ራሱ ግን ሌላ ዳገት ነበር። ኢሜይል ያስፈልጋታል፣ የላትም። ልንከፍትላት ስንል ማረጋገጫ ኮድ በስልክ ይላካል ይላል፤ ስልኩ የአባቷ ነው፣ አባቷ ገበያ ናቸው። ኮዱ መጥቶ ሳይነበብ ጊዜው አለፈ። ስሟን ስንሞላ ደግሞ የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል 8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ በአንድ መልክ፣ የ12ኛ ክፍል ምዝገባ ላይ በሌላ መልክ ተጽፏል። የትኛውን እንሙላ? በፈተናው ውጤት ላይ እንዳለው ሞላን፤ የቀረውን ወረቀት ለማስተካከል ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመላለሰች። ይሄን የሚያህል ቀላል ነገር ስንቱን ልጅ እንዳስለቀሰ አንድ ርዕሰ መምህር ጠይቁ።

ከዚያ ዋናው መጣ፤ ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ልጅቷ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ወረዳው ከተማ ኢንተርኔት ካፌ ወሰድኳት። ማውሱን ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ቀስቷን እያየች ወደ ቀኝ ትገፋለች፣ ትገፋለች፣ ከዚያ ቆመች። «ቲቸር፣ ጠረጴዛው አለቀ» አለችኝ። ማውሱ ጠርዝ ደርሷል፣ ቀስቷ ደግሞ ገና ስክሪኑ መሃል ናት። አንስተሽ ወደ ኋላ መመለስ ትችያለሽ፣ ቀስቷ እዚያው ትቆያለች ስላት በጣም ሳቀች። እኛ ሳናስበው የምናደርገው ነገር ነው፤ በፈተና ሰዓት መሃል የምታገኘው ቢሆን ግን አስቡት።

ካፌው ውስጥ የተለማመድነው ፊዚክስ አልነበረም። ጥያቄ መዝለልና መመለስ፣ ሰዓቱን ማየት፣ የመረጡትን መቀየር፣ ሳያልቅ «አስረክብ» የሚለውን አለመንካት። ባለካፌው መጀመሪያ በሰዓት አስከፈለን፤ ነገሩን ሲሰማ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ በነጻ ቁጭ በይ አላት። የከተማው ትምህርት ቤት ልጅ ይሄን ሁሉ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል፤ ፈተናው ላይ ግን ሁለቱ እኩል ሰዓት ነው የሚሰጣቸው።

አዲስ አበባ ወይስ አዳማ?

የሰው ሁሉ ምክር አዲስ አበባ ነበር። አጎቷም «እኛ ጋ ትቀርባለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ትመጣለች» አለ። ትክክል ነው፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ልጅቷ የምትፈልገው ፊዚክስ ነው። ኢንጂነሪንግ ሁለቱም ጋ አለ። ንጹሕ ሳይንሱ ላይ ስትመጣ ግን ይለያያሉ፦ የአዲስ አበባው ወደ ባዮቴክኖሎጂ፣ ጂኦሎጂ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪና የምግብ ሳይንስ ያደላ ነው፤ አዳማ ደግሞ አፕላይድ ፊዚክስ አለ። ዩኒቨርሲቲ በስሙና በከተማው ይመረጣል እንጂ ውስጡ ያለው ዲፓርትመንት የሚታየው ከገቡ በኋላ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። እሷ ዝርዝሩን ከስልኬ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችና አዳማን አስቀደመች። አጎቷ ለጥቂት ቀን አኩርፎ ነበር።

ስለ አሜሪካው ነገር

ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ጉዳዩ ይጎድላል። ፈተናው ከመድረሱ በፊት ልጅቷ ቲክቶክ ላይ ኤምአይቲ የሚባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አይታ «እኔስ?» ብላኝ ነበር። አይ፣ ያንቺ አይደለም ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አጣራሁላት።

ያገኘሁት ይሄ ነው። ኤምአይቲ የውጭ አገር ተማሪን ገንዘብ የለውም ብሎ አይጥልም፤ ከተቀበለ ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍናል። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተንም እንደዚሁ ናቸው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ «ለሀብታም ልጅ ብቻ ነው» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። በሌላ በኩል ለ2024 መግቢያ ኤምአይቲ 28,232 ሰው አመልክቶ የተቀበለው 1,284 ነው፣ ለውጭ አገር አመልካች ደግሞ በሩ ከዚህም ይጠባል። ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ የሚባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዎች አንዱ ግዴታ ነው። የሁለት መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ አንዱ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ፣ ሌላው ከቋንቋ ወይም ከማኅበራዊ ትምህርት። ደብዳቤው ይቻላል፣ እኔና የእንግሊዝኛ መምህሯ እንጽፋለን።

ያቆመን ኤስኤቲ ነው። ክፍያው ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ከክፍያ ነጻ የሚደረገው አሜሪካ ውስጥ ላለ ተማሪ እንጂ ለእኛ አይደለም። በዶላር መክፈል የሚችል የባንክ ካርድ ያስፈልጋል፣ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው፣ ማውሱን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። 6,000 ብር ገደማ ሊሆን የነበረው የፈተና ክፍያ 11,000ን ተሻገረ። አባቷ ድንች ሸጠው ነው የሚከፍሉት።

አንድ ዓመት ቤት ተቀምጣ ትዘጋጅ ወይስ አገር ውስጥ ትግባ የሚለው ክርክር ነበር። አንዴ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዓመት ከጨረሰች በኋላ የምታመለክተው በዝውውር ነው፣ እሱ ደግሞ የባሰ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው ዋጋ አለው። እኔ ትግባ ያልኩ ነኝ። ገጠር ቤት ውስጥ ለተቀመጠች የ18 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ዝም ብሎ አንድ ዓመት አይደለም፤ ሽማግሌ ሊላክ ይችላል፣ እናቷ ሊታመሙ ይችላሉ፣ መርካቶ ሱቅ ሰው ሊያንስ ይችላል። አንድ ጓደኛዬ «ክንፏን ቆረጥከው» ብሎ ተቆጥቶኛል። እሱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ስትደርስ የሚከፈተው በር ከዚህኛው ይሰፋል፣ ፊዚክስ ላይ ደግሞ ብዙው ሰው የሚሄደው በዚያ ነው።

የሚቀጥለው ልጅ ግን ከ10ኛ ክፍል ከጀመረ ይቻላል። አሜሪካ ኤምባሲ ያለው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ ምክሩ በነጻ ነው። «ሙሉ ስኮላርሺፕ አለ፣ የፕሮሰስ 15 ሺህ አስገባ» የሚላችሁ የቴሌግራም ሰው ሌባ ነው፤ ልጅቷንም አንዱ ጀምሯት ነበር፣ አጎቷ ደውሎ ልክ ልኩን ነገረው።

አሁን

ገባች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ቀላል አልነበረም። ፊዚክስና ሒሳብ ላይ ጥሩ አመጣች። የኮምፒውተሩ ኮርስ ግን አስለቀሳት፤ የዶርም ጓደኞቿ ላፕቶፕ አላቸው፣ እሷ የኮምፒውተር ላብራቶሪው እስኪከፈት ትጠብቃለች። ስትደውል «ቲቸር፣ እዚህ ሁሉም ጎበዝ ነው» አለችኝ፤ ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ሆና ለመጣች ልጅ ይሄ ራሱ ፈተና ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ አጎቷ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛላት። ኩርፊያው አልቋል ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ ልጆች በኋላ የተቀየሩ ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ገንዘብም አልጠየቁም። 12ኛ ክፍል ሲመዘገብ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ስልክ ያስመዘግባል፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ። የስም አጻጻፍ ከ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ጋር የሚመሳከረው 9ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ውጤት ከመጣ በኋላ አይደለም። ኢሜይል 11ኛ ክፍል ላይ ይከፈታል፣ የይለፍ ቃሉ ደብተር ጀርባ ላይ ይጻፋል (የደኅንነት ባለሙያዎች ይቅር በሉን)። 8ኛ ክፍል ለሚጨርሱት ደግሞ የአዳሪ ትምህርት ቤት ማመልከቻ መኖሩን ራሳችን ታች ወርደን እንነግራለን፤ ይሄ ለእኛ ኪሳራ ነው፣ ጎበዞቹን እየሸኘን ነው፣ ርዕሰ መምህሩም አልወደደውም። እኔ ግን ልጁ ይሻለኛል።

የ2017ቱ ውጤት በአገር ደረጃ 8.4 በመቶ ሆነ። ከእኛ አራት አለፉ፣ አራቱንም በስልክ አግኝተናቸዋል፣ ሦስቱ የመግቢያ ፈተናውን ተመዝግበዋል፤ አራተኛዋ አልፈልግም፣ ጤና ነው የምማረው አለች። የሒሳብ መምህሩ ግን ዝውውር አግኝቶ ሄዷል። ምትኩን እየጠየቅን ነው፤ እስኪመጣ የ9ኛንና የ10ኛን ሒሳብ እኔ ይዣለሁ።